ዘጠና ዘጠኝ፦ ከአንድ አማተር የጎልፍ ተጫዋች የውጤት ካርድ ስለ ራስ ምዘና



 አዘጋጆቹ ግብዣውን ሲያቀርቡልኝ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነበር፤ “ስለ ሙያዎ ሳይሆን ከሙያዎ ውጭ ስለሚወዱት ነገር ይናገሩልን” አሉኝ። ሙያዬ የትምህርት ምዘና ነው። የሌሎችን ዕውቀት እየመዘንሁ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ ማለት እችላለሁ። ከሙያዬ ውጭ የምወደው ነገር ደግሞ ጎልፍ ነው። ብወደውም አልቻልሁበትም። ጎበዝ ተጫዋች ከ70 እስከ 75 በሚደርሱ ምቶች የሚጨርሰውን ሜዳ እኔ ከመቶ በላይ መትቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ሁለት ሦስት ኳስ ለቁጥቋጦው ገብሬ ነው የምወጣው።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አማተርነት ነው። “አማተር” የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻውም “መውደድ” የሚል ግሥ ነው። እኛም “አማተር ከያንያን” ስንል ለክፍያ ሳይሆን ለፍቅር የሚሠሩትን ማለታችን ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ሌላም ፊት አለው፤ የአንድን ሰው ሥራ “የአማተር ሥራ ነው” ካልን አልበሰለም ማለታችን ነው። እኔ ሁለቱንም ትርጉሞች በአንድ ገላ ተሸክሜ ሃያ ዓመት ያህል ኖሬአለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሙያዬ መጻሕፍት ያላገኘሁትን አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ የተማርሁትም ከጥሩ ምት ሳይሆን ካልቆጠርሁት አንድ ምት ነው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ጨዋታውን ለማያውቁ ጥቂት ልበል።

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ኤዲንብራ ስሄድ ስለ ጎልፍ የነበረኝ ግንዛቤ የብዙዎቻችን ግንዛቤ ነበር፤ የአምባሳደሮችና የባለጸጎች መዝናኛ ይመስለኝ ነበር። በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሜዶውስ የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ብረንትስፊልድ ሊንክስ የሚባል ተዳፋት ሜዳ ይገኛል። አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍት ወደ ማደሪያዬ ስመለስ በዚያ ሜዳ ላይ አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጃቸው ጋር፣ ራቅ ብለውም ሦስት ወጣቶች፣ ኳስ እየመቱ አየሁ። በር የለውም፤ ዘበኛም፣ የመግቢያ ክፍያም የለም። ሜዳው ለማንም ክፍት የሆነ፣ አጫጭር ጉድጓዶች ያሉት የጎልፍ መጫወቻ መሆኑን ሳውቅ ተገረምሁ። በስኮትላንድ ይህ ጨዋታ የሕዝብ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 የአገሪቱ ፓርላማ ጎልፍንና እግር ኳስን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሰው ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ትቶ በጨዋታ ስለ ተጠመደ ነበር።

የአሮጊቷን አመታት ቆሜ ስመለከት ትዝ ያለኝ ገና ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን ሜዳ ከጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘን ከእንጨት የተድበለበለችውን ሩር ስናሳድድ፣ ባላገሩና ጌታው፣ ልጁና ጎልማሳው እኩል ይሯሯጥ ነበር። በዚያች ዕለት ዱላ ያረፈበት ሰው ሎሌ ይሁን ጌታ መቆጣት ነውር ነው። ዱላ፣ ኳስና ሣር እንግዳ አልሆኑብኝም። በማግሥቱ አንድ ያገለገለ ዱላና ሦስት ኳስ ገዝቼ ተመለስሁ።

የጨዋታው ሕግ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ 18 ጉድጓዶች አሉት፤ ኳሷን ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ በጥቂት ምት ያደረሰ ያሸንፋል። ጉድጓዱ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ኳሷ ከ46 ግራም አትበልጥም። ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ ማንም አይጋፋህም፤ ጊዜም አለህ። ይህን ሁሉ ሰምቶ “ታዲያ ምኑ ይከብዳል?” የማይል የለም፤ እኔም ብያለሁ።

የሚከብደው ይህ ነው። ዱላው ከላይ መውረድ ከጀመረበት ኳሷን እስኪነካ ድረስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ዱላውና ኳሷ የሚገናኙት ደግሞ ለሰከንድ አንድ ሺሕኛ ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። አእምሯችን አንድን ነገር አይቶ እጅን ለማዘዝ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። እንግዲህ ስሕተት ሲፈጸም ፈጻሚው አያየውም። የሚያየው ውጤቱን ነው፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ታጥፋ እሾሃማው ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ ያያታል። ምክንያቱን ግን ራሱ መፈልሰፍ አለበት። አማተሩ የሚፈለስፈው ምክንያት ደግሞ ሁልጊዜ ለራሱ የሚያደላ ነው። ኳሷ ከተበላሸች ነፋሱ ነው፤ ሣሩ እርጥብ ነው፤ ከኋላ ያለው ሰው ስላሳለ ነው። ካማረች ግን የእኔ ችሎታ ነው። ይህን አድልዎ የሥነ ልቦና ምሁራን በሰፊው ያጠኑት ሲሆን፣ እኔም ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምረው ነበር። በራሴ ላይ ሲሠራ ያየሁት ግን በቁጥቋጦ ውስጥ ተንበርክኬ ኳስ ስፈልግ ነው።

ደስታውም አለ፤ እርሱን ሳልናገር ባልፍ ጨዋታውን መበደል ይሆንብኛል። ከመቶ ምት አንዷ፣ ከየት እንደ መጣች ሳይታወቅ፣ በትክክል ትመታለች። እጅ ምንም አይሰማውም፤ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። ኳሷ ዝቅ ብላ ትነሣና ከፍ እያለች ትሄዳለች፤ አየሩ ላይ ለአፍታ የቆመች ትመስላለች፤ ከዚያም ካሰቡላት ቦታ ትወርዳለች። ያን ቀን ሌላው ሁሉ ቢበላሽም ሰው ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደው ይህችን አንዲት ምት ነው። ስኪነርና ፌርስተር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ባህርይ ከሌላው ይልቅ ጸንቶ እንደሚቆይ አሳይተዋል። እርግባቸው ፍሬ ባታገኝም መጠቆሟን አትተውም፤ እኔም እንዲሁ። ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ አንድ ማለዳ የዱላ ከረጢቴን አንግቤ ከግቢ ስወጣ የሰፈራችን ጥበቃ፣ “ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ዱላ ለማን ነው?” ብሎ ጠይቆኛል። አሥራ አራት ናቸው፤ ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻ ቁጥር ነው። “ለራሴ ነው” አልሁት። ከዚያ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በኤዲንብራ ደቡብ ብሬድ ሂልስ የሚባል ኮረብታማ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ አለ፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ከላዩ ሆነው ሲመለከቱ የከተማይቱ ግንብና ባሕሩ ወለል ብለው ይታያሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ስሄድ የሜዳው ሠራተኞች ብቻቸውን ከመጡ ሌሎች ጋር ያጣምሩኝ ነበር። እንዲህ ሆኖ ጡረታ ከወጡ አንድ የፖስታ ሠራተኛ ጋር ተዋወቅሁ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ንግግራቸው ጥቂት ነው። በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ ባይለይም እኔ በልቤ አንቱ እያልሁ ነበር የማነጋግራቸው። ሁለት በጋ አብረን ተጫወትን። የእኔን ካርድ እርሳቸው ይይዛሉ፤ የእርሳቸውን እኔ። ደንቡ ይኸው ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በኋላ አንዱ ሌላውን “ስንት?” ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀው ይናገራል፤ ጠያቂው ይጽፋል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ጨዋታ ዳኛ የለም። በታላላቅ ውድድሮች ሕግ የሚያስረዱ ባለሙያዎች ቢኖሩም፣ ምቱን የሚቆጥረው፣ ጥፋቱንም የሚናገረው ራሱ ተጫዋቹ ነው። እኔ ሥራዬ ፈተና ነው፤ በፈተና ክፍል ወንበር ማራራቅና መታወቂያ መመልከት እናውቃለን። ሁሉን ለተፈታኙ የተወ ሥርዓት ሲያጋጥመኝ በመጀመሪያ የዋህነት መስሎኝ ነበር።

የዚያን ጊዜ ሕልሜ ከመቶ በታች መጫወት ነበር። መቶ ለአማተር ትልቅ አጥር ነው። አንድ የመስከረም ቅዳሜ፣ በሚያስገርም ሁኔታ፣ ነገሩ ሁሉ ቀና። አሥራ ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ስደርስ በልቤ ደመርሁ፤ ከሆነልኝ ዘጠና ዘጠኝ ልጨርስ ነው። ኳሷ ጉድጓዱ ካለበት፣ ሣሩ ከተላጨው ቦታ ላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች። ዱላውን ከኋላዋ ላሳርፍ ስል እጄ ተንቀጠቀጠና ነካኋት። አንድ ጣት ስፋት ያህል ተንከባለለች። በዚያን ጊዜ ሕግ ይህ አንድ ምት ያስቀጣል። ሽማግሌው የጉድጓዱን ባንዲራ ይዘው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረዋል፤ ወይም ያዞሩ መስሎኛል። ጎንበስ ብዬ ኳሷን በጣቴ ወደ ቦታዋ መለስኋት፤ መታሁ፤ ገባች።

“ስንት?” አሉኝ።

“አምስት።”

“አምስት” ብለው ደገሙት፤ ጥቂት ቆዩና ጻፉ። ስድስት ነበር።

ዘጠና ዘጠኝ ጨረስሁ። ሽማግሌው እጄን ጨበጡኝ፤ ካርዱ ላይ ቀኑን ጽፈው ፈረሙበት፤ ሻይ ጋበዙኝ፤ በመጠለያው ለነበሩት ሁሉ “ይህ ልጅ ዛሬ መቶን ሰበረ” እያሉ ተናገሩ። ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ። ካርዱን ይዤ ወደ አገሬ ተመለስሁ፤ እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ለባለቤቴም እውነቱን የነገርኋት ይህን ንግግር ስጽፍ ነው።

አንዳንዶቻችሁ “አንድ ምት ምን አላት? ገንዘብ አልተሰረቀ፣ ማንም አልተጎዳ” ትሉ ይሆናል። እኔም ለራሴ ይህንኑ አልሁ። ጉዳቱን ያየሁት ቆይቼ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ባሉት ወራት 103፣ 101፣ አንድ ቀንም ልክ 100 ተጫወትሁ። መቶው በሕይወቴ ከተጫወትሁት ሁሉ የሚያንስ ምንም አልነበረውም፤ ከመስከረሙ ቅዳሜ ጋር እኩል ነበር። እኔ ግን ተከፍቼ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ምክንያቱም ካርዴ ከዚህ የተሻለ እችላለሁ ይላል። ወደ ኋላ የሄድሁ መሰለኝ። አመታቴን ለወጥሁ፤ አያያዜን ለወጥሁ፤ ደህና የነበረውን አበላሸሁ። ሐሰተኛው ቁጥር ያታለለው ሽማግሌውን ብቻ አይደለም፤ የምለካበትን ሜትር አሳጥሮ ራሴን በተሳሳተ መለኪያ እንድፈርድ አደረገኝ።

ይህ የሙያዬ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የሃንዲካፕ ሥርዓት የአንድን ተጫዋች ደረጃ የሚያሰላው ከቅርብ 20 ጨዋታዎቹ መካከል የተሻሉትን 8 ወስዶ አማካያቸውን በማስላት ነው። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። ቁጥሩ የሚናገረው ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ የሚሠራውን ሳይሆን ሲቀናው የሚሠራውን ነው። እንግዲህ ማንኛውም ሐቀኛ ተጫዋች በአብዛኞቹ ቀናት ከደረጃው በታች ይጫወታል። አማተሩ “ዛሬ እንደ ደረጃዬ አልተጫወትሁም” እያለ የሚያማርረው ስሌቱን ስለማያውቅ ነው፤ ስሌቱ ራሱ ይህን ቅሬታ ይዞ የተሠራ ነው። በትክክል የተመዘነ ሰው እንኳ ይህን ያህል ቅር የሚለው ከሆነ፣ ምዘናውን በገዛ እጁ ያጣመመ ሰው ዕረፍት ከየት ያገኛል?

በጎልፍ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሰዎችን ላንሣ። የመጀመሪያው ቦቢ ጆንስ ነው፤ ከሃርቫርድ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተመረቀ፣ ኋላም በጥብቅና የተሠማራ፣ እስከ መጨረሻው ለገንዘብ ያልተወዳደረ አማተር። እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ኦፕን ውድድር፣ ረጅም ሣር ውስጥ ኳሷን ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ ተንቀሳቀሰችብኝ ብሎ በራሱ ላይ አንድ ቅጣት አስቆጠረ። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ውድድሩ ሲያበቃ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነ፤ በመለያው ጨዋታም ተሸነፈ። ያቺ ምት ባትቆጠር ዋንጫው የእርሱ ነበር። ሰዎች ሲያመሰግኑት ግን ምስጋናው አላስደሰተውም፤ ባንክ ባለመዝረፍ እንደ መመስገን ነው የቆጠረው ይባላል።

ሁለተኛው አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በማስተርስ ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ በ45ኛ የልደት ቀኑ፣ እጅግ ድንቅ ተጫወተ። በአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ በሦስት ምት ቢጨርስም ካርዱን የያዘው ተጫዋች በስሕተት አራት ጻፈ። ዴ ቪሴንዞ ሳያስተውል ፈረመ። ሕጉ ከእውነቱ የሚያንስ ቁጥር የፈረመ ይሰረዛል፤ የሚበልጥ የፈረመ ግን ቁጥሩ ይጸናበታል ይላል። ለመለያ ጨዋታ የሚያበቃውን ውጤት በአንዲት ያልተመታች ምት አጣ። ጥፋተኛ ያደረገው ግን ማንንም አይደለም፤ ራሱን ብቻ ነው። ስንት የቃለ ጉባኤ ወረቀት፣ ስንት የውጤት መግለጫ ሳናነብ ፈርመናል? ይህን ለመምህራን ባልደረቦቼ ትቼዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጠያቂ ሊነሣብኝ ይችላል። በሥራ ላይ ባለውና እ.ኤ.አ. በ2019 በተሻሻለው ሕግ፣ ጉድጓዱ ባለበት የተላጨ ሣር ላይ ኳስን ሳያስቡ ማንቀሳቀስ ቅጣት የለውም፤ ወደ ቦታዋ መመለስ ብቻ ይበቃል። ልክ እኔ እንዳደረግሁት። ታዲያ ዘጠና ዘጠኜ ነጻች ማለት ነው? ሕጉ ሲለወጥ እኔም ለአንድ ቀን እንዲህ ብዬ ተደስቼ ነበር። ነገር ግን እኔ ያን ዕለት ሕጉ ኢፍትሐዊ ነው ብዬ አልተከራከርሁም። ሕጉን ዐውቀው ነበር፤ ሽማግሌው ሲጠይቁኝም የተናገርሁት ሐሰት ነው። ሕጉ ኳሷን ምሮ ሊሆን ይችላል፤ “አምስት” ያልሁትን ግን የሚመለከት አንቀጽ የለውም።

ይህን ሁሉ ዛሬ ያነሣሁት በአንዲት ተማሪ ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ አንድ ሳምንት ሲቀራት ወደ ቢሮዬ መጣች። መረጃ ስታስገባ የአንድ ጥያቄ መልሶችን ገልብጣ መመዝገቧን ከሌሊቱ ስታጣራ አግኝታዋለች። ሲታረም ዋናው ግኝቷ ጠፋ። ከእርሷ በቀር ማንም አላየም፤ እኔም አማካሪዋ ሆኜ አላየሁም። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ “መምህር፣ ምን ላድርግ?” አለችኝ። ምን ማድረግ እንዳለባት ግን ቀድማ አድርጋዋለች። ጽሑፉ እንደ ገና ተሠራ፤ መመረቂያዋ ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። በመጨረሻ ውጤት ስንሰጥ ቅጹን ሞላሁ፦ የግኝት ጥንካሬ፣ አነስተኛ፤ አቀራረብ፣ ጥሩ። ያደረገችውን ነገር የሚመለከት ዓምድ በቅጹ ላይ አልነበረም። ስሕተቷን ደብቃ ብትቀርብ የምታገኘው ውጤት ከዚያ ይበልጥ ነበር። ቅጹን ከሠሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ የፈረምሁትም እኔ ነኝ። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ መሳቢያውን ከፈትሁና ካርዴን ተመለከትሁ።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። በእያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ይጨመር፤ ስሙም “የስሕተት መዝገብ” ይባል። ተማሪው በሥራው ሂደት ያገኛቸውን ስሕተቶች፣ እንዴት እንዳገኛቸውና እንዴት እንዳረማቸው ይጻፍበት። በዚህ ገጽ ምክንያት ነጥብ አይቀነስ፤ በጥንቃቄ ለተጻፈ ግን ነጥብ ይሰጥ። መምህራንም በምናሳትማቸው ጽሑፎች ላይ ይህንኑ እናድርግ፤ ለተማሪው ብቻ የወጣ ደንብ የቅጣት ደንብ ይመስላልና። ገጹ ባዶ የሆነ ተማሪ ቢመጣ ደግሞ ደጋግማችሁ ጠይቁት። እኔ ባዶ ገጽ ይዞ የጨረሰ የጎልፍ ተጫዋች አላውቅም።

ከእነዚያ ሽማግሌ ጋር ለጥቂት ዓመታት ደብዳቤ ተጻጽፈናል። በእያንዳንዱ ደብዳቤ መጨረሻ “መቶን ስንት ጊዜ ሰበርህ?” ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ሁልጊዜ ሌላ ወሬ እያነሣሁ አልፌዋለሁ። ያን ቀን አይተውኝ እንደ ሆነ አላውቅም። “አምስት” ብለው ሲደግሙ የቆዩባት ያቺ አፍታ ቁጥሩን ለመጻፍ ብቻ ትሁን፣ ወይም እንዳርመው የሰጡኝ ዕድል ትሁን፣ የምጠይቃቸው ሰው ዛሬ በሕይወት የሉም። ትናንት ማታ ግን ካርዱን ከመሳቢያው አውጥቼ፣ በአሥራ ስድስተኛው ጉድጓድ ያለውን አምስት ሰርዤ ስድስት ጻፍሁበት፤ ድምሩንም አስተካከልሁ። በሕጉ መሠረት ከተፈረመ በኋላ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ እንዲህ ማድረግ ያሰርዛል፤ እኔም መሰረዙን ተቀብያለሁ።

መቶ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እሄዳለሁ፤ ጥበቃው ከጠየቀኝ ዱላዎቹን ቆጥሬ አሳየዋለሁ።